ከመልስ በፊት የተጠጣ ሻይ

ሻይ ማፍላት የማይችል ሰው ላይ ትዕግስት የለኝም። ይህን ክፉ ጠባዬን መሥሪያ ቤት ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን ፔርሙዝ ይዘው ቢሮ ለቢሮ የሚዞሩ አንዲት ሴት አሉ። ውሃው ሳይንተከተክ ቅጠሉን ይጨምሩታል፣ ስኳሩን ደግሞ ያለ ልክ ይደፉበታል። ባልደረቦቼ ዝም ብለው ይጠጣሉ። እኔ ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጌ ቀለሙን አይና፣ «ዛሬም ቅጠሉ ታጠበ እንጂ አልፈላም» እላለሁ። ሴትዮዋ «አንቺ ደግሞ ባል አግቢና እሱን አስቸግሪው!» ይሉኛል። ቢሮው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እሳቸው አምቦ ከመጡ ገና ቅርብ ጊዜያቸው ነው፤ የእኔን ነገር አያውቁም።

ሻይ በየዓይነቱ ጠጥቻለሁ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከቦምቦሊኖ ጋር የሚጠጡትን ቀጭን ሻይ አውቀዋለሁ። ሐሮ ወንጪ ላይ፣ ከሐይቁ በኩል ብርዱ ሲጠና፣ ሰው ብርጭቆውን መጀመሪያ እጁን ያሞቅበትና ከዚያ ይጠጣዋል። እዚያ ስኳር ከጠፋ ማር ይጨምሩበታል፤ ለሌላው ሰው ይጥመው ይሆናል፣ እኔን ግን መድኃኒት መድኃኒት ይለኛል። ስፕሪስ ብለው ቡናና ሻይ በአንድ ብርጭቆ የሚያደራርቡት ነገር ለቡናውም ለሻዩም ንቀት ነው። በሎሚ የሚጠጡትን አልቃወምም፣ በተለይ ጉንፋን ሲይዝ። የምወደው ግን አንድ ብቻ ነው። ዝንጅብሉ ተወቅጦ ቀድሞ ከውሃው ጋር የፈላ፣ ሄሉ ከነቅርፊቱ ተሰብሮ የገባበት፣ ቅርንፉዱ በጣም ጥቂት፣ ቀረፋው ቀጭን፣ ቅጠሉ መጨረሻ ላይ ገብቶ ወዲያው ከእሳት የወረደ። ስኳሩ ደግሞ ለብቻው ይቅረብ፣ የሚፈልግ ይጨምር።

እንዲህ መራጭ የሆንኩት ቤታችን ነው። አባቴ መምህር ነበር፤ ጨጓራ ስላለበት ቡና ከተወ ቆይቷል። ጴንጤ ስለሆንን ጠላም ጠጅም ደጃችን አይደርስም። እንግዳ ሲመጣ፣ ደስታ ሲሆን፣ ሰው ሲሞት፣ የሚቀርበው ሻይ ነው። ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ሲል አባቴ ሳሎን ይቀመጣል፣ እናቴ ትሪውን ታቀርባለች፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ አጭር ጸሎት ያደርጋል። ከጸሎቱ በፊት ማንም ብርጭቆ አያነሳም። እናቴ ስለ ሻይ ውሃ የራሷ ሕግ ነበራት። በጠበሉ በኩል የሚቀዳው ውሃ ሻይ ያጠቁራል ትላለች፣ የቧንቧውንም ብዙ አታምነውም። ክረምት ሲገባ መጀመሪያ ዝናቡ ቆርቆሮውን እንዲያጥበው ትተወውና ከዚያ የሚወርደውን በባልዲ ትቀበላለች። በዝናብ ውሃ የፈላ ሻይ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ሌላ ቦታ እንዲህ ዓይነት ቀለም አላየሁም።

ያን ልጅ ያወቅሁት ቅመም ልገዛ ሄጄ ነው። ከገበያው ዝቅ ብሎ፣ ሚኒባሶቹ የሚቆሙበት አጠገብ፣ የአጎቱ ሱቅ ነበር። አጎቱ በወጣትነታቸው ከደቡብ የመጡ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው። ወላጆቹ እዚያው ሀገራቸው ስላሉ እሱን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ሻይ ቅጠል፣ ቅመም ይሸጣሉ። ሱቁ ጥግ ላይ ከሰል ማንደጃ አለ፣ በራዱ ከላዩ አይወርድም፤ የገዛም ያልገዛም ሻይ ይቀዳለታል። ሌላው ሰው ውሃ እንደሚጠጣ ነበር እሳቸው ሻይ የሚጠጡት። ደንበኛ ሲገባ ሰላምታ ሳይጨርስ ብርጭቆ ይጨብጣል፣ እምቢ ያለ እንደሆነ ይቀየማሉ።

ባንኮኒው ላይ የቆመውን ልጅ ሄል ስጠኝ አልኩት፣ ሰጠኝ። አንዷን ሰብሬ አሸተትኩና «ይኼ የአምና ነው፣ ሽታው ሞቷል» አልኩት። አልተቆጣም። «አፍንጫሽ ጉንፋን ይዞት እንዳይሆን» አለኝ። አጎቱ ከወደ ውስጥ ሳቁ። ተናድጄ ወጣሁ። በማግስቱ ተመለስኩ፤ አምቦ ውስጥ ሄል የሚሸጥ ሌላ ሱቅ ጠፍቶ አይደለም። ከጓሮ ካለው ጆንያ አዲስ አውጥቶ ሻይ አፍልቶ ጠበቀኝ። ቀመስኩለት። ዝንጅብሉ አፍ ያቃጥላል። ነገርኩት። «እሺ፣ አስተምሪኛ» አለ። አስተማርኩት፤ ዝንጅብሉን ግን እስከ መጨረሻው መቀነስ አልሆነለትም። ከዚያ በኋላ ከሥራ ስወጣ ሁልጊዜ በዚያ በኩል ማለፍ ጀመርኩ። ቤታችን በሌላ በኩል ነው።

ያ ጊዜ ከተማው ሰላም ያልነበረበት ጊዜ ነው። መንገዱ ይዘጋል፣ ሱቅ ይዘጋል፣ ኢንተርኔት ይቋረጣል፣ ሰው የልጁን መግባት በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሱቆች በግማሽ በር ሲከፈቱ የመጀመሪያዋ ደንበኛ እኔ ነበርኩ። ስልኩ የማይሠራ ስለሆነ የምናወራውን ሁሉ አፍ ለአፍ ማውራት ነበረብን፤ ወሬያችን ረጅም የሆነው ለዚህ ነው። ስኳር ጠፍቶ በቀበሌ በወረፋ ሲታደል ያለ ስኳር ጠጣን። እስከ ዛሬ ከጠጣሽው ሁሉ የትኛው ይበልጣል ብትሉኝ ያ መራራው ነው። ረመዳን ሲገባ እሱ እየጾመ እኔ ፊቱ አልጠጣም ነበር። ስልኩ ተመልሶ ስለነበር ሲያፈጥር ይደውልልኝና «አሁን ጠጪ» ይለኛል፤ እኔም ቤቴ ሆኜ እጠጣለሁ። እናቴ በዚያ ሰዓት ሻይ የሚያስናፍቀኝ ምን እንደሆነ መጠየቅ የጀመረችው ያኔ ነው።

ወደድኩት። አሳምሬ የምናገርበት ሌላ ቃል የለኝም። እኔ በእምነቴ እሱም በእምነቱ ሆነን፣ ማዘጋጃ ቤት ተፈራርመን እንጋባለን ተባባልን። ሁለታችን ስናወራው ቀላል ነበር። ለእናቴ ስነግራት አለቀሰች። ከዚያ በነጠላዋ ዓይኗን ጠርጋ «ሻይ ይችላል?» አለችኝ። «ከእኔ በላይ» አልኳት። ዋሸሁ፤ ለፍቅር ነው።

አባቴ ሲሰማ ለሳምንታት አላናገረኝም። በቤተ ክርስቲያናችን የሚከበር፣ ለሌላው ምክር የሚሰጥ ሰው ነው፤ ነገሩ እንዴት እንደከበደው አሁን ይገባኛል፣ ያኔ ግን አልገባኝም። እናቴ በእሱ ላይ የያዘችው መንገድ የራሷ ነበር። አስር ሰዓት ላይ ሻዩን ስታቀርብ አንዲት ቃል ጣል ታደርጋለች። አንድ ቀን «ልጁ ጫት እንኳ አይነካም አሉ» ትላለች። ሌላ ቀን «አጎቱ እኮ ከእድራችን ለቅሶ ቀርተው አያውቁም» ትላለች። አባቴ ተነስቶ አይሄድም። ሻዩን እየጠጣ ይሰማል። እንዲህ ሆኖ አንድ ዓመት ገደማ አለፈ። በመጨረሻ አንድ ቀን ብርጭቆውን አስቀምጦ፣ «በሉ ሽማግሌ ይላኩ፤ እሰማቸዋለሁ» አለ።

እናቴ ወጥ ቤት ድረስ ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ።

«እሰማለሁ ማለት እኮ እሺ ማለት አይደለም» አልኳት።

«አባትሽን እኔ አውቀዋለሁ» አለች። «ልቡ ተሸንፏል።»

በእኛ ሰፈር ሽማግሌ ለጋብቻ ሲመጣ የሚደረገው እንዲህ ነው። እንግዶቹ ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ሻይና ዳቦ ፊታቸው ይቀርባል። የመጡበት ጉዳይ ተሰምቶ የቤቱ አባት መልስ እስኪሰጥ ድረስ ግን አንዱንም አይነኩም። ሻዩ እዚያው ይቀዘቅዛል። መልሱ እሺ ከሆነ የቀዘቀዘው ይነሳና ትኩስ ይቀዳል፣ ያኔ ሁሉም ይጠጣል፣ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። እምቢ ከሆነ፣ ወይም ሌላ ጊዜ ከተባለ፣ ያልተነካውን ሻይ ትተው ይወጣሉ። ስላልነኩት ሌላ ቀን መመለስ ይችላሉ። ከመልሱ በፊት የጠጣ ሽማግሌ ግን የመጣበትን ጉዳይ በራሱ እጅ እንደተወ ይቆጠራል፤ ሻይ ሊጠጣ ጎራ ያለ እንግዳ ሆነ ማለት ነው። እንዲህ ሲደረግ ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅም ነበር። ሥርዓቱን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ስለዚህ ተጠንቀቅ ብሎ የሚነግር የለም።

የመጡት ሦስት ናቸው። አንዱ ጎረቤታችን፣ ከጤና ጣቢያ በጡረታ የወጡ፣ ከአባቴ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያመልኩ ሰው ናቸው። ሁለተኛው የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ሦስተኛው አጎቱ። ክረምት ነበር፣ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፣ ባጃጁ ጭቃውን ፈርቶ ከታች ስላወረዳቸው ዳገቱን በእግራቸው ነው የወጡት። በመጋረጃው ጫፍ አየኋቸው። የአጎቱ ጋቢ ረጥቦ ትከሻቸው ላይ ተጣብቋል፣ እጃቸውን እያፋተጉ ያሞቃሉ። በዚያ በተሰባበረ ኦሮምኛቸው «አካም ኦልተን» ብለው አባቴን ሰላም አሉት። አባቴ ከመቀመጫው ተነስቶ በሁለት እጁ ጨበጣቸው፣ ሻል ያለውን ወንበርም ለእሳቸው ሰጠ። ይህን አይቼ ወደ እሳቱ ተመለስኩ።

ሻዩን ያፈላሁት እኔ ነኝ። እናቴ «ዛሬ ዝም ብለሽ ተራ ሻይ አፍዪ፣ ለማይጠጣ ነገር አትድከሚ» ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም። ባልዲው በዝናብ ውሃ ሞልቷል። ዝንጅብሉን ወቀጥኩ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ እንደሚወደው አበዛሁት። ከሱቃቸው የመጣውን ሄል ሰበርኩ። ሽታው ሲደርሳቸው አጎቱ ማን እንዳፈላው እንዲያውቁ ፈልጌ ነበር። ሴት ልጅ በዚህ ቀን ሳሎን አትገባም፣ አትናገርም፤ ለእኔ የቀረልኝ መናገሪያ ሻዩ ብቻ ነበር። እንዲያ ማፍላቴን ጥፋት ነው አልልም። እናቴ ትሪውን ወስዳ ፊታቸው አስቀመጠችና ተመልሳ ከእኔ ጋር መጋረጃው ጀርባ ቆመች።

የጤና ጣቢያው ሰው ንግግሩን ጀመሩ። በቤተ ክርስቲያንም ሲጸልዩ የሚታወቁት በርዝመት ነው። ስለ ጉርብትና አወሩ፣ ስለ ሰላም አወሩ፣ በመከራው ጊዜ ማን ከማን ደጅ ዱቄት እንደተበደረ አወሩ። ከዚያ «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው» አሉ። የእድሩ ሰብሳቢ ስለ ልጁ ጠባይ መሰከሩ። አጎቱ ተራቸው ሲደርስ ብዙ አልተናገሩም። «እኔ የወለድኩት አይደለም፣ ግን ከእሱ በቀር ልጅ የለኝም» አሉ። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም ሰማ። ሻዩ ፊታቸው ይጨሳል። የዝንጅብሉ ሽታ እኔ እስካለሁበት ይመጣል።

ሁሉም ተናግረው ሲጨርሱ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻ ነው የሚሰማው። አባቴ ቀና አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «እንግዲህ» አለ። እናቴ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው።

አጎቱ በዚያች ቅጽበት እጃቸውን ዘርግተው ብርጭቆውን አነሱ። ለራሳቸው በቀስታ «ቢስሚላህ» አሉና ፉት አሉ። ፊታቸው ላይ ያለው ብርድ ሲለቅ አየሁት። ዓይናቸውን ወደ መጋረጃው አነሱ፣ ፈገግ አሉ፣ ደግመው ፉት አሉ።

የእድሩ ሰብሳቢ ሊያስቆሟቸው እጃቸውን አንስተው ነበር፣ አልደረሱም። የጤና ጣቢያው ሰው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ፣ ከዚያ ቀና ብለው አባቴን አዩት። የእድሩ ሰብሳቢም አዩት። አባቴ ብርጭቆውን ተመለከተ፣ ሁለቱን ሰዎች ተመለከተ። ከዚያ የእሱ በማይመስል ድምፅ፣ «እንግዲህ ሻይ ልትጠጡ ነው የመጣችሁት። ጠጡ፣ ቤታችሁ ነው። ሌላ ጉዳይ ግን የለንም» አለ።

አጎቱ አልገባቸውም። «ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ሻይ ጠጥቼ አላውቅም» አሉ።

እናቴ እጄን ለቀቀችው። ወደ ወጥ ቤት ገብታ በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እንግዶቹ ሲወጡ ሰማሁ፤ የአጎቱ ድምፅ ነው የሚሰማኝ፣ ውጪ ዝናቡ ውስጥ ቆመው «ምን አጠፋሁ? ንገሩኝ እንጂ ምን አጠፋሁ?» ይላሉ። ትሪውን እኔ አነሳሁት። ሁለቱ ብርጭቆ እስከ አፉ ሙሉ ነው፣ የአጎቱ ባዶ ነው። ዳቦው አልተነካም። እናቴ «ተዪው፣ እኔ አጥበዋለሁ» አለችኝ። አልተውኩትም። ሙሉዎቹን ደፍቼ ሦስቱንም አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ቦታቸው መለስኩ። እንባዬ የመጣው ካስቀመጥኳቸው በኋላ ነው፣ ሲመጣም አልቆም አለ።

በማግስቱ ሱቁ ሄድኩ። አጎቱ ቁጭ ብለዋል፣ እጃቸው ላይ ብርጭቆ የለም። የጤና ጣቢያው ሰውም ከጎናቸው አሉ፣ አንዳቸው የሌላውን ፊት አያዩም። አጎቱ ሲያዩኝ ተነሱ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «በዚህ ሰፈር ለጋብቻ ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ አላውቅም። ምግብ እንዳትነካ ብለው ነገሩኝ። ዳቦውን ነካሁት? አልነካሁም። ሻይ ምግብ ነው እንዴ? እኛ ሀገር ሰው የቀዳልህን ሻይ ፊትህ አስቀምጠህ ማቀዝቀዝ ነው ነውሩ። አባትሽ ሊናገሩ ሲሉ ሻያቸውን ንቄ እንዳልታይ ብዬ ነው ያነሳሁት።»

የጤና ጣቢያው ሰው «እኔ ነኝ» አሉ። «ከመልሱ በፊት ምንም አይበላም አልኳቸው። ሻይማ ማን ይጠጣል ብዬ?»

እሱ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ነበር። ሚዛኑን ይጠርጋል፣ ደግሞ ይጠርጋል።

ሁለቱ ሽማግሌዎች ከሳምንታት በኋላ አባቴ ጋር ተመልሰው ለመኑት፤ ሰውየው የሰፈሩን ልማድ አያውቁም፣ እንዳልተጠጣ ይቆጠር አሉት። አባቴ «ያለቀ ነገር ነው፣ እናንተው እያያችሁ ተጠጥቷል» ብሎ መለሳቸው። ልጁም አንድ ቀን «ባኮ እንሂድ» አለኝ። እዚያ በቆሎ የሚነግድ ጓደኛ ነበረው። «አባትሽን ዓመት ቆይተን ይቅርታ እንጠይቃለን» አለኝ። ማታ ልብሴን ሁሉ በዓይኔ መረጥኩ፣ የትኛውን እንደምይዝ፣ የትኛውን እንደምተው። ጠዋት ግን እናቴ ደም ግፊቷ ተነስቶ ተኝታ አገኘኋት። ቀረሁ። እሱ ሄደ።

እኔ መቆም የቻልኩት አንድ ነገር ለራሴ እየነገርኩ ነው። አባቴ ዱሮም እምቢ ሊል ነበር እላለሁ። አጎቱ ባይጠጡም፣ ሻዩ በረዶ እስኪሆን ቢጠብቁም፣ «እንግዲህ» ካለ በኋላ የሚመጣው እምቢ ነበር። ለሙስሊም ልጁን የሚሰጥ ሰው አልነበረም፤ ሻዩ ሰበብ ሆነው እንጂ። እንዲህ ካልኩ ያጣሁት ነገር መጀመሪያም ያልነበረኝ ነገር ይሆናል፣ ያልነበረን ነገር ደግሞ ሰው ቀስ እያለ ይተወዋል። አጎቱን መጥላት አልነበረብኝም፣ በራዴንም መጥላት አልነበረብኝም። ለእናቴ ስነግራት «እንደዚያ ይሆናል» ትለኛለች፣ ሌላ አትጨምርም።

ማግባቱን የነገሩኝ አጎቱ ናቸው። ሻይ ቅጠሌን እየመዘኑ፣ ዓይናቸውን ከሚዛኑ ሳያነሱ፣ «ዘመዶቹ ልጅ አመጡለት» አሉኝ። «መልካም ነው» አልኩ። እኔ ወደ ሱቁ ስገባ ብርጭቆአቸውን ከባንኮኒው ሥር መደበቅ ልማድ አድርገዋል። አየሁ፣ እንዳላየ ሆንኩ። ለእኔ ሻይ መቅዳት ፈርተው ይሁን አፍረው፣ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቀዱልኝም። እኔም ቅጠሌን ተቀብዬ እወጣለሁ። ለጋብቻ የጠየቁኝ ሌሎችም ነበሩ። አንዱን አባቴ ራሱ ወዶት ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት፤ ምክንያት ስጠየቅ «ሻይ አይችልም» አልኩ፣ ሁሉም እንደ ቀልድ ወሰደው።

እናቴ ከሞተች በኋላ አስር ሰዓት ላይ ትሪውን የማቀርበው እኔ ሆንኩ። አባቴ ይጸልያል፣ እኔ እቀዳለሁ፣ ብዙ ሳናወራ እንጠጣለን። አርጅቷል። የስኳር በሽታ ያዘውና እሱም ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው። አንዳንዴ ብርጭቆውን ሲያነሳ ሻዩ ይፈስበታል፣ እኔ ደግሞ ሌላ ወገን አያለሁ።

ዘንድሮ አጎቱ አረፉ። እኔ ለቅሶው መሄድ አልቻልኩም። እሱ ከባኮ እንደመጣ ሰምቻለሁ፣ ማየቱን ፈራሁ። አባቴ ከእድርተኛው ጋር ሄዶ ውሎ መጣ። ከዘራውን አስቀመጠ፣ ተቀመጠ። ሻዩን ቀዳሁለት፣ አልጸለየም፣ አልነካውም።

«ያ ልጅ እዚያ ነበር» አለኝ። «ሻይ ቀዳልኝ።»

«ጠጣህ?»

«ጠጣሁ። ሌላ ሰው ሊቀዳ ሲል እኔ እቀዳላቸዋለሁ ብሎ ነው የተነሳው። እንደ ልጄ አጎንብሶ ቀዳልኝ።» ከዘራውን ወደ ግድግዳው አስጠጋ። «እጄን ሲስመኝ ማልቀስ መጣብኝ።»

አባቴ ስለ እሱ ሲያወራ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰምቼው አላውቅም። ብዙ ጊዜ ልጠይቀው ፈልጌ ያልጠየቅሁት ነገር ከአፌ ወጣ። መልሱን የማውቀው ስለመሰለኝ ነው ድፍረት ያገኘሁት።

«አባዬ፣ ያን ቀን ባይጠጡ ኖሮ ምን ልትል ነበር?»

ብርጭቆውን አየው። «እሺ ልል ነበር» አለ።

ጆሮዬን አላመንኩትም። «ምን?»

«እሺ ልል ነበር፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ልሰጥሽ ነበር። ለእናትሽ ጠዋት ነግሬያት ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

«ሁለቱ አዩኝ» አለ። «ሥርዓቱን የምናውቀው እኔና እነሱ ነበርን። እንዳላየሁ ባልፍ እሁድ በቤተ ክርስቲያን ምን ይባላል ብዬ፣ ለሙስሊም መስጠቱ አንሶ ሥርዓቱንም ጣለው ይሉኛል ብዬ፣ አፌ ቀደመኝ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ደግሞ መመለስ አቃተኝ። ሊለምኑኝ ሲመጡ እንኳ አቃተኝ። ሳልነግርሽ እንዳልሞት ብዬ ነው።»

እሱ ከነገረኝ በኋላ ቀለል አለው። ዓይኑን ጨፍኖ ጸለየ፣ ሻዩን አነሳ፣ ጠጣው። እኔ እናቴን አሰብኩ። መጋረጃው ጀርባ እጄን ስትይዘኝ ምን እንደሚመጣ ታውቅ ነበር፤ ከዚያ ያን ሁሉ ዓመት «እንደዚያ ይሆናል» እያለችኝ፣ እውነቱን ብቻዋን ይዛ ኖራ፣ ይዛው ሄደች። አባቴ ሁለተኛ እንድቀዳለት ብርጭቆውን ዘረጋልኝ። ቀዳሁለት።

እምቢ ልል ነበር ቢለኝ ኖሮ ይቅር እለው ነበር።